ከወሬው ቀድሞ መድረስ

*መቱና የኢሉባቦር ከተሞች ስለ ሰላም ለሚመክሩ ሰዎች የሚነግሯቸው ብዙ ነገር አላቸው*

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩ ይቀላል። የያዩን ደን አልፎ ሁሩሙ እስኪደርሱ በየግቢው አልጋና ሰሌን ላይ ቡና ተሰጥቶ ይታያል። ልጆች ያገላብጡታል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ትልቁም ትንሹም ሮጦ ያነሣዋል፤ በዚህ አገር ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። ለቃሚዎች ከቅርብም ከሩቅም ይመጣሉ። ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ በዱቤ የኖረ ቤት ዕዳውን ይከፍላል፣ ለልጁ ደብተር ይገዛል፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ ያስባል።

አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች እንቅልፍ የሚያጡትም በዚሁ ወቅት ነው። የቡና ይዞታ ድንበሩ ደን ውስጥ ነው። አጥር የለውም፤ ምልክቱ አንድ ትልቅ ዛፍ ወይም አንድ ጅረት ነው። ለቃሚው ሳያውቅ፣ አንዳንዴም እያወቀ፣ ከሰው ቡና ውስጥ ይገባል። ጠባቂ ይይዘዋል፤ ዱላ ይነሣል። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ወገን ልጆች ከሆኑ ነገሩ በሽማግሌ አልቆ ይረሳል። አንዱ ነባር፣ ሌላው ሰፋሪ ከሆነ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ የሁለት ሕዝብ ጠብ ተብሎ ሊወራ ይችላል። ወሬው ወደ ገበያ ሲሄድ አንድ ሰው ተመታ ብሎ ነው፤ ከገበያ ሲመለስ ሦስት ሰው ሞተ ይላል።

ስለ ሰላም ግንባታ በየማታው ዜና እንሰማለን። ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ጉባኤ ተካሄደ፣ ምክክር ተጀመረ ይባላል። ከእነዚህ መድረኮች ጀርባ አማካሪ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ግጭት ይተነትናሉ፣ ሰነድ ያዘጋጃሉ፣ ለሚኒስቴሩና ለእርዳታ ድርጅቱ ምን ቢደረግ እንደሚበጅ ይመክራሉ። ሥራቸው በብዙዎቻችን ዘንድ በስም እንጂ በይዘት አይታወቅም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መቱ ሆኖ ለሚያየው፣ ከሰነዱ ሁሉ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ወሬው ገበያ ከመድረሱ በፊት የሚደርሰው ሰው ማነው? እሱ የሚያውቀውንስ ማን ይሰማዋል?

መንግሥት አንድ ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ነበር

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ዝናብ ከማይለያት ከፍታ ላይ ጎሬ ትገኛለች። የኢሉባቦር ዞን መቀመጫ ዛሬ መቱ ነች፤ የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ከተማ ግን ጎሬ ነበረች። ቡና ከዚህ ወርዶ በጋምቤላ ወደብ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይጫን ስለነበር የውጭ ነጋዴዎችም የእንግሊዝ ቆንስልም ነበሩባት።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ፣ በጣሊያን ያልተያዘው የኢትዮጵያ መንግሥት ጎሬ ላይ ተቀመጠ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆነው፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆነው እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በእነዚያው ወራት ደግሞ የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው፣ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲጠበቁ ጠየቁ። በገባር ሥርዓት የተማረረ ሕዝብ፣ ያ መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ሊወድቅለት አልፈለገም።

አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ትዝታ። አንዱ ቤት አባቱን በአርበኝነት ያስታውሰዋል። ሌላው ቤት የአያቱን መሬት ማን እንደወሰደው ያስታውሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ሰላም ሊመክር ወደዚህ የሚመጣ ሰው አንዱን ትዝታ ብቻ ይዞ ከመጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ግማሹ ሰው ጆሮውን ይዘጋበታል።

ስግሰጋ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ሲፈጅ፣ የደርግ መንግሥት 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ከፊሉ በረሃ ላይ አዲስ መንደር ተሠራለት። ከፊሉ ደግሞ በነባር ገበሬዎች መሃል ተሰገሰገ፤ ስግሰጋ የተባለው ይህ ነው። ኢሉባቦር ከሁለቱም ደርሷታል።

የስግሰጋውን ታሪክ ከሁለቱም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ነባሩ ገበሬ በገበሬ ማኅበሩ ታዞ ለማያውቀው ሰው ጎጆ ሠራ፣ ከመሬቱም ቆርሶ ሰጠ። ፈቅደሃል ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። የመጣውም ሰው እንዲሁ፤ ብዙዎች ልጆቻቸውን ቀብረው፣ ቤተሰባቸው ተበታትኖ፣ የት እንደሚሄዱ በቅጡ ሳይነገራቸው በጭነት መኪና ተጭነው ነበር የደረሱት። በወባ፣ በማያውቁት ምግብና በናፍቆት የሞቱ አሉ። ሁለቱንም የገጠማቸው አንድ መንግሥት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መንግሥቱ ሄዶ እነሱ ቀሩ፣ ጥያቄውም የእርስ በርስ ሆነ።

> ሁለቱንም የገጠማቸው አንድ መንግሥት ነው፤ መንግሥቱ ሄዶ እነሱ ቀሩ።

አኗኗራቸው ይለያያል። ነባሩ ከደኑ ጋር ይኖራል፤ ቡናውን በጥላ ዛፍ ሥር ያሳድጋል፣ ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ከወሎ የመጣው ገበሬ በሬ ጠምዶ ጤፍና በቆሎ መዝራት ነው የሚያውቀው፤ ለእህል ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋል፣ ፀሐይ እንዲገባ ዛፍ ይቆረጣል። ጠቡ ከጎሣ በፊት እዚህ ነው የሚጀምረው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የያዩን የቡና ደን የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግበው፣ የዓለም የቡና ዘር ሀብት እንደሚጠበቅበት ሁላችንም ተደሰትን። ከደኑ ዳር መሬት የጠበበው ገበሬ ግን ነባርም ሆነ ሰፋሪ ሌላ ጥያቄ ነበረው፤ ልጄ የት ያርሳል? በዚያው በያዩ በመንግሥት ድርጅቱ በሜቴክ የተጀመረው የድንጋይ ከሰልና የማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ይሰጣል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። መሬት ተወሰደለት፣ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፣ ሳያልቅ ቆመ። ግጭት ሲተነተን የብሔር ስም ቀድሞ ይጻፋል፤ እንደዚህ ያለው የከሸፈ ተስፋ ግን ብዙ ጊዜ በሰነዱ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር የቆመውን ወጣት ማን መጥቶ እንደሚያነሣሣው ከመጠየቅ በፊት ለምን እዚያ እንደቆመ መጠየቅ ይገባል።

ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ደግሞ ቀሩ። ልጆቻቸው ኦሮምኛን አፍ ፈትተውበታል። ከወሎ ከመጡት ብዙዎቹ ሙስሊም በመሆናቸው ከነባሩ ሙስሊም ጋር በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። ዕድር አብረው ገብተዋል፣ በዳዶና በደቦ አብረው ያርማሉ፣ ተጋብተዋል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በመቱ የቆመ አንድ ድርጅትም አለ። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሄንዝ ቦም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች በረሃቡ ጊዜ ወደ ኢሉባቦር ገብቶ ትምህርት ቤት፣ ውኃና ሕክምና ሲያዳርስ ኖሯል። የመቱ ሪፈራል ሆስፒታል ዛሬ ካርል ተብሎ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። በዚያ ሆስፒታል ተራ የሚጠብቁት ነባርና ሰፋሪ ተብለው አልተከፈሉም። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሰላም ፕሮጀክት ተብሎ አይመዘገብም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ጥቅምት 2010

ይህ ሁሉ አብሮ መኖር ከአደጋ አላዳነም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ተከፍሎ ራሱን በቻለው በቡኖ በደሌ ዞን፣ በጮራና በደጋ ወረዳዎች ሰልፍ ወጣ፤ ሰልፉ ወደ ጥቃት ተለወጠ። ከአማራም ከኦሮሞም ከ10 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ይህ አካባቢ ከዚያ በፊትም ጠባሳ ነበረው፤ በ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ በደንቢና በጅማው በሻሻ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል ደም ፈስሶ ነበር።

የ2010ሩ ጥቃት በተፈጸመበት ወር ሌላ ታሪክም እየተሠራ ነበር። የኦሮሞ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው እምቦጭ ሊነቅሉ ጣና ድረስ ሄዱ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ በለማ መገርሳ የተመራ የኦሮሚያ ልዑካን ቡድን ባሕር ዳር ገብቶ ከአማራ ክልል መሪዎች ጋር መድረክ ላይ ተቃቀፈ። ያን መድረክ ብዙዎቻችን በእንባ ነው የተከታተልነው፤ በዚያች ሰዓት አገሪቱ ከገደል አፋፍ ስትመለስ የሚያሳይ ነበር። ጮራ ላይ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግን ቴሌቪዥኑም አብሮ ተቃጥሎበታል። እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ነበር። ቤቱን መልሶ የሚሠራለት፣ ያቃጠለውን ለፍርድ የሚያቀርብለት፣ ገበያ ሲወጣ ከማን ጎን እንደሚቆም እንዲያውቅ የሚያደርገው።

በእኔ እምነት የሰላም ማማከር ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። የላይኛው እርቅና የታችኛው እርቅ የሚገናኙበት መንገድ የለም። መሪዎች ሲታረቁ ሕዝቡ የታረቀ ይመስላቸዋል፤ መሪዎች ሲጣሉ ደግሞ ለዓመታት በሽማግሌ የተጠገነው ሁሉ በአንድ ንግግር ይፈርሳል።

ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት

በኢሉባቦር ኦሮሞ ዘንድ ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና ከውጭ ለሚያየው ዛፍ ሥር የሚጀመር ይመስላል። የሚያውቁት ሰዎች የሚነግሩን ግን ዋናው ሥራ ከዛፉ ሥር ከመቀመጥ በፊት እንዳለ ነው። ጠብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደረገው ሰው መላክ ነው። ለተመታው ቤት የሚከበር ሰው ይሄዳል፤ ለመታውም ቤት ሌላ ይሄዳል። ዛሬ ማታ ከቤት አትውጡ፣ ነገሩ ተይዟል፣ እኛ አለንበት ይባላል። ወጣቶቹን የሚያውቅ ሰው ወደ ወጣቶቹ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው ማን አየ፣ ማን ሰማ ተብሎ የሚጣራው። ሽማግሌ የሚመረጠውም ሁለቱም ወገን እሺ ሲል ነው፤ መንደሩ የተቀላቀለ ከሆነ ከነባሩም ከሰፋሪውም፣ ሼኹም ቄሱም ፓስተሩም ይገቡበታል።

ከተቀመጡ በኋላ ችኮላ የለም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ይመክራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ማራዘም ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። የቁጣው እድሜ አጭር እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ቀጠሮውን ራሱን መድኃኒት አድርጎ ይሰጠዋል። ሰው ከሞተ ነገሩ ከባድ ነው፤ ጉማ ይመጣል። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ፊት ይርቃል፤ ካሣ ይወሰናል፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። ከወሎ የመጡት ሰዎችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ወሎ ውስጥ አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ደም ያደርቃሉ፣ እናቶች ዱአ ያደርጋሉ። ሥርዓቱ ቢለያይም የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፤ ጥፋትን በሰው ፊት ማመን፣ ካሣ፣ ከዚያም ማዕድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰነዶች የሚዘሏቸው ሰዎች አሉ። ጠብ መኖሩን ቀድመው የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ውኃ ላይ ይገናኛሉ፣ ቡና ይጠራራሉ። የትኛው ቤት ከማን ጋር ቡና እንዳቆመ ያውቃሉ፤ ቡና መጠራራት የቆመበት ሰፈር ደግሞ ችግር አለበት። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የተባለውን በትር የያዙ ሴቶች በሁለት ጠበኞች መሃል ሲቆሙ ማንም አልፎ መማታት አይችልም። ሆኖም ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሴቶቹን አናያቸውም። እውቀቱ ከእነሱ ዘንድ ነው፣ ውሳኔው ሌላ ቦታ ነው።

> ቡና መጠራራት የቆመበት ሰፈር ችግር አለበት።

ሕጉ ለዚህ ሥርዓት በሩን ከፍቷል። ሕገ መንግሥቱ የባህልና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶችን ያውቃል፤ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በባህል ሕግ መዳኘት ይችላሉ። ጨፌ ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ከፍርድ ቤት ደጅ ለዓመታት ሲመላለስ ለኖረ ገበሬ፣ በቀበሌው፣ በቋንቋው፣ ያለ ጠበቃ የሚዳኝበት ቦታ ማግኘቱ ትልቅ እፎይታ ነው። የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ስጋታቸውን አይደብቁም። የባህሉ ሰው ያልሆነው ተከራካሪ እኩል ይታያል ወይ? ሴቷስ? ባለሥልጣኑ የመረጠው ሽማግሌ ወንበሩን ከያዘ ሕዝቡ ሽማግሌዬ ይለዋል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በኢሉባቦር ድብልቅ ቀበሌዎች ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳሉ።

ሽማግሌ የሚሰማው ከማንም ወገን ባለመሆኑ ነው። በየስብሰባው ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ በየበዓሉ ንግግር የሚያደርግ፣ አበል የሚቀበል ሽማግሌ ቀስ በቀስ የመንግሥት ሽማግሌ ይባላል። ያን ቀን ለእርቅ ቢላክም በሩ አይከፈትለትም።

አማካሪው ሲመጣ

የሰላም አማካሪ ሥራ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። ግጭቱን ያጠናል፣ ባለድርሻዎቹን ይለያል፣ ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። በእውነት የተማሩ፣ ለአገራቸው የሚቆረቆሩ ሰዎች አሉበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ብዙዎችን አሠልጥኗል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአመጣጣቸው ነው። ከደም በኋላ ይመጣሉ፤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ተሰብሳቢውን ደግሞ ወረዳው ይመርጣል። ለቃሚው የለም፣ የቡና ጠባቂው የለም፣ ገበያ ላይ ወሬውን መጀመሪያ የሰማችው ሴት የለችም። ስብሰባው በለቀማ ወር ከተጠራ ገበሬውም የለም። ከዚያ ሰነዱ ተጽፎ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ታች የሚመለስ ነገር የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታለች። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጅር ውስጥ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የሶማሌ ጎሣዎች እርስ በርስ ሲገዳደሉ ጠቡ ገበያ ውስጥ ገባ፤ የአንዱ ጎሣ ሴት ከሌላው ጎሣ ሴት አልገዛም አለች። በ1993 ዴቃ ኢብራሂም አብዲን ጨምሮ ጥቂት ሴቶች ተሰበሰቡ። ሥራቸው ከገበያው ጀመረ፤ ማንኛዋም ሴት ከማንኛዋም እንድትገዛ፣ ችግር ሲነሣ ወዲያው እንዲነገር አደረጉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን፣ ቀጥሎ ወጣቶቹን፣ በመጨረሻም ሹማምንቱን ይዘው የዋጅርን የሰላም ኮሚቴ አቋቋሙ። ኬንያ በኋላ በየወረዳዋ የሰላም ኮሚቴ ስታዋቅር ከዚህ ተምራ ነው። እነዚህ ሴቶች አማካሪ ቀጥረው አልጀመሩም፤ አማካሪዎቹ ናቸው ከእነሱ ሊማሩ የሄዱት።

በእኛም አገር በጎ ሙከራ ጠፍቶ አያውቅም። ኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋሙን ያቋቋመው አዲስ አበባ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 1102 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስም መሩት። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ዴስቲኒ ኢትዮጵያ የተባለው ጥረት ከየወገኑ 50 ሰዎችን አሰባስቦ፣ አገሪቱ እስከ 2040 እ.ኤ.አ. ልትሄድባቸው የምትችላቸውን አራት መንገዶች አቀረበ። ሰባራ ወንበር፣ አፄ በጉልበቱ፣ የፉክክር ቤት እና ንጋት ተባሉ። ዘዴው ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትወጣ ከተጠቀመችበት የተወሰደ ነበር። «የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ መልእክቱ ወዲያው ገባን። የፖለቲካ መሪዎቹ ንጋትን እንመርጣለን ብለው መድረክ ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ዓመት ሳይሞላ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ።

ያ ጥረት ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ መድረክ እስከ ወረዳ የሚወርድ ድልድይ ስላልነበረው፣ የተያያዙት እጆች ሲለያዩ የሚይዛቸው ሰው አልተገኘም። ስለ ሰላም የሚመክር ሰው ለመሪዎች ብቻ ከመከረ ምክሩ ከመሪዎቹ ፍላጎት አይዘልም።

የሌላ አገር ልጆች

መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማዋ ከሁሉም ክልል የመጡ ልጆችን ተቀበለች። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተነሣው ግጭት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቀጣጠል ወላጆች በየአቅጣጫው ልጆቻቸውን መልሱልን ብለው አለቀሱ። አስተማሪዎች ከዚያ ወቅት የሚያነሡት ነገር የሚገርም ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚቀሰቅሰው መልእክት አብዛኛው ከግቢው የወጣ አልነበረም። ከሌላ ከተማ በስልክ ይመጣል፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይጻፋል፣ መኝታ ክፍል ሲደርስ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛውን ልጅ ባዕድ ያደርገዋል።

ጎንደር በዚያ ሰሞን ያደረገችው ቀላልና ድንቅ ነገር ነበር። የከተማው ቤተሰቦች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን የቃል ኪዳን ልጅ አድርገው ተቀበሉ። ልጁ በበዓል የሚሄድበት ቤት አገኘ፤ ወላጆቹም ጎንደር ውስጥ የሚደውሉለት ሰው አገኙ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል። ቡና በማይጠፋበት በመቱ ቤት ሁሉ እንግዳ ልጅ ማስገባት አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎደለው ከሰፈሩ ወደ ግቢው የሚያገናኝ ሥርዓት ነው።

ጠመንጃ ሲገባ

ሽማግሌ የማይችለው ነገር አለ፤ ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚለው ቡድን መካከል የሚካሄደው ውጊያ ወለጋን አድቅቋል፤ አማራም ኦሮሞም በገፍ አልቋል፣ ተፈናቅሏል። ሁለቱ ወገኖች በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዳሬሰላም ተነጋግረው ያለ ስምምነት ተለያዩ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከቡድኑ የተለየ አንድ ክንፍ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ስምምነት ፈረመ። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆሞ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ሌላ ጦርነት ቀጠለ።

ጠመንጃ በገባበት ቀበሌ ሽማግሌው ሁለት ፍርሃት አለበት። ለአንዱ ከተናገረ ለሌላው ሰላይ ነው። የሚያውቀውን ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ኢሉባቦር ከወለጋ ጋር ትዋሰናለች፣ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ትወርዳለች፣ የሁለቱም ነፋስ ይነካታል። ለዚህ መንግሥትም አማካሪም ሊሰጡት የሚገባ አንድ ዋስትና አለ፤ አስቀድሞ የተናገረ ሰው በመናገሩ አይጠየቅም፣ ስሙም አይወጣም። ይህ ዋስትና ሳይኖር ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሠልጠን ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍትሕ ነው። እርቅ ተደርጓልና ክሱ ይነሣ የሚባልበት ጊዜ በርክቷል። አጥፊው ካሣ ሳይከፍልና ይቅርታ ሳይጠይቅ በሽማግሌ ስም ይለቀቃል፣ ተጎጂው ለሰላም ሲባል ተብሎ ይለመናል። ጉማ ራሱ እንዲህ አይሠራም፤ በጉማ አጥፊ ያምናል፣ ይከፍላል። አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማውጣትን፣ ክስን፣ ካሣንና የባህል ሥርዓትን አንድ ላይ ለማስኬድ አስቧል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ሐሳብ ጮራ ላይ ቤቱ ለተቃጠለ ሰው ደርሶ ማየት እፈልጋለሁ።

ያልነው የት ደረሰ?

ለመቱ ምን ትመክራለህ የሚባል ባለሙያ በነሐሴ ቢመጣ ይጠቅማል፤ ለቀማው ሳይጀመር፣ ሰው ገና ጊዜ እያለው። የቡና ነጋዴዎች የትኛው ይዞታ ላይ ክርክር እንዳለ ያውቃሉ። የጥበቃ ሠራተኞች ማታ ማን እንደሚንቀሳቀስ ያውቃሉ። ሴቶቹ ቡናው የት እንደቆመ ይነግሩታል። ወረዳው ደግሞ ክርክር ያለባቸውን የደን ድንበሮች ከለቀማ በፊት ነባሩንና ሰፋሪውን ይዞ ዞሮ ቢያሳይ፣ ከሩቅ የሚመጡ ለቃሚዎች ተያዥ ቢኖራቸው፣ በየገበያው ወሬ የሚያጣራ የሚታመን ሰው ከሁለቱም ወገን ቢመደብ፣ ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት አይበልጥም። እነዚህን የሚያውቁ የቀበሌ ሠራተኞች አሉ። እንዲህ ያለውን ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ ግን አካባቢህ ሰላም የለውም ማለት ነው ተብሎ በግምገማ እንዳይወቀስ ይፈራል። ስለዚህ ሰላም ነው ብሎ ይጽፋል። ይህን መቀየር የሚችለው ከላይ ያለው አለቃ ነው፤ ቀድሞ የነገረውን ያመሰገነ ጊዜ የታችኛው ይናገራል።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን፣ በፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ሰብሳቢነት፣ በየወረዳው ወርዶ ገበሬዎችን፣ ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ መምህራንን፣ ሽማግሌዎችንና ተፈናቃዮችን አሰባስቧል። ታጣቂዎችና አንዳንድ ፓርቲዎች ያልገቡበት መሆኑ ከባድ ጉድለት ነው፤ ቢሆንም እስከ ወረዳ የወረደ ጥረት ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዳማ የኦሮሚያ ክልል አጀንዳ ሲሰበሰብ ከየወረዳው የተመረጡ ሰዎች ያላቸውን ተናግረዋል። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ እዚያ ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ይጠብቋቸዋል፣ ያልነው የት ደረሰ ብለውም ይጠይቋቸዋል። ከመሬት ጥያቄያችን የትኛው አጀንዳ ሆነ፣ የትኛው ቀረ፣ የቀረውስ ለምን ቀረ? የሚመጣው መልስ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፎ፣ ተወካዮቹ በተመረጡበት ወረዳ፣ በሰው ፊት ሊነበብ ይገባል። ካልተነበበ በሚቀጥለው ጊዜ ተወካይ ምረጡ ሲባሉ የሚመጡት ወረዳው የሚልካቸው ብቻ ይሆናሉ።